ሕፃናቱ ሁሉ የወፈሩበት ሰሞን

በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ለምትኖሩ፣ ለደንበኞች፣ ለአላፊ አግዳሚውና ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ማክሰኞ ቀን፣ ፀሐይ መሐል አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ሚዛን ጠጋኙ ሱቁን ለምሳ ዘጋ።

ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሰው ሲርበው ይዘጋል፣ ሲጠግብ ይከፍታል። ነገር ግን ጋሽ ሚዛን (እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ከእሱ በቀር የሚያስታውሰው ስለሌለ እኛም አንነካካውም) «ለምሳ ወጥቻለሁ» የምትለዋን ካርቶን በሩ ላይ ሲያንጠለጥል ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ኮስተር ይል ነበር። ኮስታራ የሚያደርገው ካርቶኗ ውሸታም መሆኗ ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ ሚዛን የትም አይወጣም። በኋላ በር በኩል፣ ያረጁ የሚዛን ሳህኖችና የዛጉ ሞላዎች ወደተከመሩባት ጠባብ ጓሮ ይዘልቅና፣ ከግድግዳ ተጋሪው ከጎሚስታው ጋር ባልዲ ደፍቶ ይቀመጣል። ዳቦ በሻይ ይበላሉ። ከዚያ ጎሚስታው ግራ ቀኙን ያያል። በግራም በቀኝም ግድግዳ እንጂ ሰው የለም፤ ቢሆንም ያያል። ከቱታው ኪስም የተጠቀለለች ወረቀት ያወጣል።

በወረቀቷ ውስጥ ያለውን ሐኪሞች ካናቢስ ይሉታል፤ ጎረምሶች ጋንጃ ይሉታል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን የተከበሩ ሰዎች ስለሆኑ «ቅጠሉ» ብቻ ይሉታል።

ጋሽ ሚዛን ሌላም በስሙ የማይጠራው ነገር ነበረው። ማታ ማታ የሚውጣትን ኪኒን «የጨጓራ» ይላታል። ከዓመታት በፊት የገበያው ሚዛኖች በሙሉ ስለ እሱ ሲያሙ ሰምቶ፣ ሐሜቱን ለማስቆም አንድ በአንድ ፈታትቶ አስፋልት ላይ አስጥቷቸው ነበር። ያን ጊዜ ሐኪም ቤት አስገቡት፤ ታከመ፤ ደህና ሆኖ ተመለሰ። ሰፈሩም ጨዋ ሰፈር ነውና «ጨጓራው ተነሥቶበት ነበር» ብሎ ተቀበለው። ጨጓራ የሰው ሚዛን እንዴት እንደሚያስፈታ የጠየቀ አንድም ሰው አልተገኘም።

ሰሞኑን ታዲያ ሚዛኖቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መንሾካሾክ ጀማምረዋል። ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ሐኪሙ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ሲለው «እምቢ ብሎኛል» ይላል፤ ሐኪሙም ኪኒኗን ከፍ ያደርግለታል። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ሲለው ደግሞ ጋሽ ሚዛን በታላቅ ቅንነት «ሻይ» ይላል። የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተመልሶ እዚያ አስፋልት ላይ፣ በሰው ሚዛን መሐል ተንበርክኮ መገኘት። ይህን ፍርሃት ለማብረድ ቅጠሉን ያጨሳል። ቅጠሉን ባጨሰ ቁጥር ሹክሹክታው ይጠጋዋል፤ ሹክሹክታው በተጠጋው ቁጥር ቅጠሉን ያጨሳል። ሚዛን የሚጠግን ሰው እንዲህ ያለውን ሂሳብ ሳያስተውል መቅረቱ ይገርማል፤ ግን የራሱን ጀርባ ያየ ሰው የለም።

በዚያ ማክሰኞ እንግዲህ ሁለቱ ተራ በተራ ሲስቡ፣ የኋላዋ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሴት የሕፃናት ሚዛን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። የሟች ወንድሙ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ከተቀጠረች ገና ሰሞኗ ነው።

ጋሽ ሚዛን በጣቱ የያዘውን ጥቅል ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ከተተው። ብርጭቆው «ጭስ!» አለ።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? በሩ ገርበብ ብሎ ሳገኘው ጊዜ ነው የገባሁት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን የወንድሜ ልጅ። ግቢ፣ ቁጭ በይ። ባልዲ ስጣት እንጂ አንተ!»

«የጎማ ሽታ ነው» አለ ጎሚስታው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ልጅቷ ባልዲውን ተቀብላ ተቀመጠች። ሽታውን ለጊዜው በይደር አቆየችው። «ለምሳ ልወጣ ስል ነርሷ ይህን ሚዛን ሰፈር ውስጥ ላለ ጠጋኝ አድርሺልኝ አለችኝ። ገልብጬ ባየው የእርስዎ ማኅተም ነው ያለበት።»

«አዎን፣ በቅርቡ ያደስኩት ነው። ምን ሆነ?»

«እንኳን ደስ አለዎት አጎቴ። እርስዎ ካደሱት ወዲህ በሰፈሩ ያልወፈረ ሕፃን የለም።»

«እሰይ!» አለ ጎሚስታው።

«እሰይ አይባልም። የጠባውም ወፈረ፣ ያልጠባውም ወፈረ። ያስቀመጠው ወፈረ፣ ያስመለሰው ከሁሉም ወፈረ። እናቶቹማ ኮርተው መንገድ ጠቧቸዋል። አንዷ ጎረቤቷን ‹ያንቺ ላባ ብቻ ነው፣ የኔን እይ› ብላት ተኮራርፈዋል። ነርሷ ነገሩ የከነከናት አንድ ቀጫጫ ሕፃን በትኩሳት መጥቶ፣ ክንዱ እንደ ጣት ሆኖ፣ ሚዛኑ ግን ጉልቤ ነው ሲላት ጊዜ ነው። የሕፃን መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው አጎቴ። ነርሷ ዓይኗን ባታምን ኖሮ ከአቅሙ በላይ ይሰጠው ነበር። የምሰጠውም እኔ ነበርኩ።»

ጋሽ ሚዛን ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። በዚህ ሥራ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሳህን የሰነጠቀ፣ ሞላ የበጠሰ ጊዜ ነበር፤ ሚዛኑ ሰው ሊጎዳ የደረሰበት ጊዜ ግን አልነበረም። እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። «ባዶውን ሲሆንስ ዜሮ ላይ ይቆማል?»

«ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማንም ያልጠረጠረውም ለዚህ ነው።»

ከሱቁ መፍቻውን አምጥቶ ሚዛኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መፍታት ጀመረ። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ እጁን አየች፤ ዓይኑን አየች፤ ብርጭቆው ውስጥ ተዘፍዝፎ የተንሳፈፈውን አየች።

«አጎቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ እዚህ ጓሮ የሚነደው ጎማ አይደለም።»

ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠራረገ። ክርክር ሲሸተው ደስ የሚለው ሰው ነበር። «እሺ እመቤት ሐኪሟ፣ አንደብቅሽም። ቅጠል ነው። ከመሬት የበቀለ፣ ፋብሪካ ያልነካው፣ ንጹሕ ቅጠል። ምን ያደርጋል?»

«ትንባሆም ከመሬት ነው የበቀለው ጋሼ። ከመሬት የበቀለ ሁሉ የሚያድን ቢሆን፣ ይኼኔ የኔን መስኮት ይዛ መድኃኒት የምታድለው ፍየል ነበረች።»

ጋሽ ሚዛን ሳያስበው ሳቀ፤ ጎሚስታው ቅር ሲለው ሳቁን ዋጠ።

«ያረጋጋኛል ልጄ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቀኑን ሙሉ ልቤ እንደ ተፈታ ሞላ ሲዘል ይውላል። ይህን ስስብ ቁጭ ይላል። የሚያረጋጋኝን ነገር መጥፎ ነው ብለሽ አትንገሪኝ።»

«አያረጋጋም አልልዎትም። ያረጋጋል። አያረጋጋም ብሎ የሚሰብክ ሰው ቀምሶት አያውቅም ወይም ይዋሻል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከዚያስ? ከሰዓት በኋላስ? ጠዋት ሲነሡስ?»

ጋሽ ሚዛን የሚቀጥለውን ብሎን መፍታት ያዘ።

«ኪኒንም ይወስዳሉ» አለች ልጅቷ።

«የጨጓራ ናት።»

«አጎቴ፣ በመስኮቱ የማቀብለው እኔ ነኝ። ያችን ኪኒን ጨጓራ የሚባል ነገር አያውቃትም።»

ጎሚስታው ቀና ብሎ ሰማዩን መረመረ። «ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» አለ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ጨዋ ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ የወዳጁን ምሥጢር ከወዳጁ እኩል ለዓመታት አውቆ፣ ልክ እንዳልሰማ ስለ ዝናብ ያወራል።

ጋሽ ሚዛን ጆሮው ቀላ። «እሺ። የምታውቂ ከሆነ እወቂ። ግን እሷም እንደሆነ ሥራዋን ትታለች። ሐኪሙ ይጨምራል፣ እኔ እውጣለሁ፣ ለውጥ የለም። እንዲያውም እያከበደችኝ ነው። ቀን ያንቀላፋኛል፣ ማታ ዓይኔ እንደፈጠጠ ያድራል። ታዲያ ባትሠራልኝ ጊዜ በሚሠራልኝ ብጽናና ምን ነውር አለው?»

«ነውር አላልኩም። ነውር ብሎ ነገር ያዳነው በሽተኛ አላየሁም። ሁለቱ ሆድዎ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ ልንገርዎት፤ ካልጣመዎት ባልዲዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ባልዲው የኔ ነው» አለ ጎሚስታው።

«መጀመሪያ፣ ቅጠሉ የእርስዎ ዓይነት ሕመም ባለበት ሰው ላይ የተኛውን ድምፅ የመቀስቀስ ጠባይ አለው። ሰውን ሁሉ አይደለም፤ ይህ ሕመም ያለበትን ሰው። ሲያጨሱት ልብ ያርፋል፣ በሌላ በር ደግሞ ጥርጣሬና ሹክሹክታ ይገባል። ሁለተኛ፣ ኪኒኗም ታደነዝዛለች፣ ቅጠሉም ያደነዝዛል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ቀን የሚያንቀላፋ፣ እጁ የሚዘገይ፣ የጀመረውን የሚረሳ ሰው ይሆናሉ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የሚደንቀኝ ነው። ጉበት ጭስ ሲመጣበት ለማጽዳት ሠራተኛ ይጨምራል። የተቀጠሩት ሠራተኞች ግን መለየት አያውቁም፤ ጭሱንም ኪኒኑንም አብረው ጠርገው ያስወጡታል። ሁሉም ኪኒን እንዲህ አይደለም። የእርስዎ ግን እንዲህ ከሚጠረጉት አንዷ ናት። ሐኪሙ በፊት በር ያስገባልዎታል፣ ጭሱ በጓሮ በር ያስወጣብዎታል።»

ጋሽ ሚዛን ወደ ጓሮው በር አየ። በሯ ለካ ለሰው ብቻ አልነበረችም።

ጎሚስታው ግን እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «ይህ ሁሉ ንባብ ነው! እኔን እዪኝ። ስንት ዓመት ሳጨስ ምን ሆንኩ? ድንጋይ ነኝ። ሐኪም ቤት የረገጥኩት ስወለድ ብቻ ነው፤ ያኔም እናቴ ተሸክማኝ እንጂ በእግሬ አልሄድኩም። ኪኒን የሚባል ነገር ቀለሙንም አላውቅ።»

«ጤና ከሆኑ እሰየው ጋሼ። እኔ የምናገረው ለታመመ ሰው ነው።»

«እኔም ታመምኩ አልወጣኝም» አለ ጎሚስታው ሳያስፈልገው ጮክ ብሎ።

ልጅቷ የጋዋኗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ዩኒቨርሲቲ ሳለን» አለች፣ «አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ጎበዝ ተማሪ። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፈተና ፕሮግራም ስለ እሷ የተጻፈ መሰላት። በስሟ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምሩት ኮርሶች በሙሉ ሊያጠፏት የተስማሙ ነበር የሚመስላት። አከሟት፤ ኪኒን ጀመረች፤ ድምፁ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ግን ምላሷ እንደ ጨርቅ ደርቆ ነበር የምትነሣው፤ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ስትል ቀና ማለት ያስጠላት ነበር።»

ጋሽ ሚዛን መፍቻውን አቆመ። ምላስ እንደ ጨርቅ! ይህን ከሱ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር።

«ከዚያ የዶርም ልጆች ቅጠሉን አለማመዷት። ደስ አላት። ሳቋ ተመለሰ። ለሐኪሟ አልነገረችም፤ እሱም እንደ እርስዎ ሐኪም መጠኑን እየጨመረ ሄደ። አንድ ቀን ፕሮግራሙ እንደገና ማናገር ጀመረ። ያኔ ከግድግዳው ገነጣጥላ ስትበላው አገኟት።»

«ወረቀቱን?» አለ ጎሚስታው።

«የሁለተኛ ዓመቱን ብቻ። የሦስተኛውን ገና አልጀመረችውም ነበር።»

ሳቁ ሦስቱንም እኩል ያዛቸው። ጎሚስታው ዓይኑን በዘይታም እጁ ጠርጎ ፊቱን እንደ ሞተር አስመሰለው። ልጅቷም ሳቀች፤ ግን ቀድማ አቆመች።

«አሁንስ እንዴት ናት?» አለ ጋሽ ሚዛን።

«ለሐኪሟ ነገረችው። ከነገረችው በኋላ ደህና ሆነች። ሥራ ይዛለች።»

«አየሽ፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። እኔ ለሐኪሙ ብናገር ፖሊስ ቢጠራብኝስ? ባይጠራም ይቆጣኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ…»

«ሐኪም የሚጠይቀው ሊያክምዎት ነው እንጂ ሊከስዎት አይደለም። ለሕክምና ብለው የነገሩት እዚያው ክፍል ይቀራል። ቁጣው እንደሆነ ከአባቴ ቁጣ አይብስም፤ እሱን ሲችሉ ኖረዋል።»

ጋሽ ሚዛን መልሱን እያሰበ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ጣቶቹ ቀድመውት አንድ ነገር አግኝተው ነበር። ይህ ሚዛን ክንድ አለው፤ በክንዱ ላይ የምትንሸራተት ድብልብል ብረት አለች፤ ነርሷ እሷን እየገፋች ነው የሕፃኑን ኪሎ የምታነበው። በብረቷ ሆድ ውስጥ፣ ክብደቷን እንድትሞላላት፣ ሽምብራ የምታህል የእርሳስ ፍሬ ትቀመጣለች። ብረቷን ገልብጦ ቢያይ ሆዷ ባዶ ነው።

ቀስ ብሎ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ላከ። ከተሰባበረ የክብሪት እንጨትና ከቅጠሉ ፍርፋሪ መሐል የእርሳሷን ፍሬ አወጣ።

አሁን ትዝ አለው። ሊያጸዳት አወጣት፤ ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ወደ ኪሱ ከተታት፤ ወደ ጓሮ ሄደ። ተመልሶ ሲገጥም ሚዛኑ ባዶውን ዘመም አለበት። ለምን ዘመመ ብሎ መጠየቅ ከበደው፤ ደስ ብሎት ነበርና። የዜሮ ማስተካከያዋን ብሎን አዞረ፣ አዞረ፣ ቀጥ አለለት። ማኅተሙን መታበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን እውነት ይናገራል፣ ሰው ሲቀመጥበት ይዋሻል።

ጎሚስታው ፍሬዋን አይቶ፣ ከዚያ ቅጠሉን አይቶ፣ ባልዲውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

«የወንድሜ ልጅ» አለ ጋሽ ሚዛን። «ሐኪሙ የሚያደርገው ለካ ይኸንን ነው።»

«ምኑን?»

«እኔ የጎደለውን በኪሴ ይዤ ‹ሻይ› እለዋለሁ። እሱ የዘመመ ሰው ያያል፤ በኪሴ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ብሎኑን ያዞራል። እንደገና እዘማለሁ፣ እንደገና ያዞራል። ኪኒኗ አይደለችም ያልሠራችው። እኔ ነኝ ሰውየውን በተሳሳተ ድንጋይ እንዲመዝነኝ ያደረግኩት። ይህን አንድ ደንበኛ ቢያደርግብኝ ከሱቄ በጥፊ ነበር የማስወጣው!»

ልጅቷ ብሎኖቹን ሰብስባ አቀበለችው። ሰው ራሱን እያሳመነ ሳለ የሚያቋርጥ ጅል ነው።

ጋሽ ሚዛን ፍሬዋን ወደ ቦታዋ መለሳት። ሚዛኑ ወዲያው ወደ ሌላው ጎን ተኛ። «ይኸውልሽ! ፍሬዋን መልሼ ብሎኑን ካላላላሁት ደግሞ በዚያኛው ወገን ይዋሻል።»

ይህን ጊዜ ልጅቷ ከባልዲዋ ተነሣች። «አጎቴ፣ ይህችን ነገር አደራ! ነገ ጠዋት ‹ቅጠል በቃኝ› ብለው ብቻዎን እንዳይምሉ። አሁን ያለው የኪኒን መጠን የተሰላው ጭሱ ባለበት ነው። ጭሱ ድንገት ሲቀር ጉበት የቀጠራቸውን ሠራተኞች ያሰናብታል፤ ያችው ኪኒን ከዚያ በኋላ ትከብድብዎታለች። ኪኒኑንም በራስዎ እንዳያቋርጡ። መጀመሪያ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሁለቱን አብሮ ያስተካክላል። እርስዎ ፍሬዋን ይመልሱ፣ እሱ ብሎኑን ያላላ።»

«እኔ የምመልሰው ነገር የለኝም» አለ ጎሚስታው ተነሥቶ ቱታውን እያራገፈ። «የሚጠብቀኝ ጎማ አለ።» የቀረችውን ጥቅል በቱታው ኪስ ዳብሶ ሄደ። ግን ከግድግዳው ማዶ ብዙ ጊዜ የጎማ መንፊያው ድምፅ አልተሰማም።

ጋሽ ሚዛን በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ፊት ተቀመጠ። ሐኪሙ እንደ ልማዱ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ሲለው፣ ጋሽ ሚዛን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ተናዘዘ፤ ቅጠሉን፣ ሹክሹክታውን፣ የወፈሩትን ሕፃናት።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። አልተቆጣም። ለረጅም ጊዜ ጣራ ጣራውን አየና «እኔ እኮ» አለ፣ «ስለ ሻይ ጎጂነት ማንበብ ጀምሬ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማሳመር አያስፈልግም። መጀመሪያው ሰሞን መጥፎ ነበር። ጋሽ ሚዛን ደንበኛ ላይ ይነጫነጫል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የሚያልመው ሕልም ደግሞ ለጠላት አይሰጥም። አንድ ጊዜም ራሱ ወደ ጎሚስታው ጓሮ ዘልቆ አጨሰ፤ ሄዶም ለሐኪሙ ነገረ። ሐኪሙም «ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለው፤ በዕድሜው ስለ ጥፋቱ ሲመሰገን የመጀመሪያው ነበር። ሐኪሙ በቅርብ እየጠራ ያየዋል፤ ኪኒኗን ጥቂት በጥቂት ዝቅ አደረገለት፤ የቀጠሮውንም ቀን ወደ ሐሙስ ለወጠለት።

ቀስ በቀስም ጥቅሙ ታየ። ሚዛኖቹ ሚዛን ሆኑ፤ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ካልሆነ በቀር ድምፅ የላቸውም። እንቅልፍ በሰዓቱ ይመጣል። መፍቻ የያዘ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የፈታውን ሁሉ ከመግጠሙ በፊት ጨርቅ ላይ ደርድሮ ያየዋል፤ ወደ ደረት ኪሱም ምንም አይከትም። ዳቦው እንኳ ዳቦ ዳቦ ማለት ጀመረ። የሕፃናቱም ኪሎ ወደ እውነቱ ተመለሰ፤ ያ ቀጫጫ ልጅ በልኩ መድኃኒት ተሰጥቶት ተሻለው፤ በሐቀኛው ሚዛን ላይም እየቆየ መጨመር ያዘ። በእርግጥ ሁሉም አልተደሰተም። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ሱቁ ድረስ መጥታ «የድሮው አሠራርህ ይሻል ነበር» ብላ ገሥጻዋለች።

አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም። ጋሽ ሚዛን በየሐሙሱ በሩ ላይ የሚያንጠለጥላት ካርቶን «ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ» ትል ነበር። የሰፈሩ ሰው ስንት ጥርስ እንዳለው መገረም ጀምሯል። የጎሚስታውም በር ሐሙስ ሐሙስ ዝግ ነው፤ «ጎማ ላመጣ ሄጃለሁ» ይላል። ፊት ለፊት ያለችው ዳቦ ሻጭ ደግሞ ሐሙስ ሲሆን እህቷን ትጠይቃለች።

የአእምሮ ሕክምናው ክፍል ከጤና ጣቢያው መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ከበሩ ፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ በወንበሩም ላይ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ማንም ማንንም አያይም። አንዱ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ይደፋል፣ ሌላዋ ነጠላዋን ትከናነባለች፣ ሁሉም ወለሉን ያጠናሉ። ኪኒኑ አንዳንዱን ሰው ስለሚያወፍር ነርሷ እያንዳንዱን መዝና ነው ወደ ሐኪሙ የምታስገባው።

በዚያ ሐሙስ ነርሷ የትልልቅ ሰው ሚዛኑን ብትገፋው፣ ብትመታው፣ ብትለማመጠው አልነቃነቅ አላት።

«ኧረ ባካችሁ» አለች ወደ ወንበሩ ዞራ፣ «ከእናንተ መሐል ሚዛን የሚነካካ ሰው ይኖራል?»

ወለሉ ከወትሮው ይበልጥ ተጠና። የጋሽ ሚዛን ጣቶች ጉልበቱ ላይ በራሳቸው መፍተል ጀመሩ። እሱ ግን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው፤ እንዴት ይነሣል?

ከወንበሩ ማዶ ጫፍ፣ እስከ አፍንጫ ከተደፋ ኮፍያ ሥር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣ፦ «ጋሽ ሚዛን ቁጭ ብሎልሽ ምን ትቸገሪያለሽ!»

ኮፍያው ያለውን ሲያውቅ አፉን በዘይታም እጁ ያዘ። ግን አልፏል።

ሁለቱ ወዳጆች በረጅሙ ወንበር ላይ ተያዩ።

«ጥርስህን ጨረሱልህ?» አለ ጎሚስታው ቀስ ብሎ።

«እየተነቀለ ነው። ጎማው ተገኘ?»

ከመሐላቸው ነጠላ የተከናነበችው ሴት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ያንን ሳቅ መንገዱ በሙሉ ያውቀዋል፤ በየጠዋቱ ዳቦ ሲያስጠቀልል የሚሰማው ነው። «እህትሽ ደህና ናት?» አላት ጎሚስታው፤ ያኔ ወንበሩ ሁሉ ተነቃነቀ።

ጋሽ ሚዛን ተነሥቶ ሚዛኑን ገለበጠው፤ ከሥሩ ተሰንቅሮ የቆየ ቡሽ አወጣ፤ መልሶ አቆመው፤ ባዶውን አየው፤ ራሱ ወጥቶበት አየው። ከዚያ እንደ ባለሙያ ኮስተር ብሎ ወደ ሰልፉ ዞረ።

«ሠርቷል። ግን በልኩ እንዲናገር፣ ሳትወጡ በፊት ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ።»

ዳቦ ሻጯ ቁልፎቿን አወጣች። ጎሚስታው ተራው ሲደርስ እጁን ቱታው ኪስ ከቶ ቆመ። ቆየ። ያቻኮለው አልነበረም። በመጨረሻ የተጠቀለለችውን ወረቀት አውጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከቁልፎቹ ጎን አስቀመጣት።

«እሱንም ንገረው» አለው ጋሽ ሚዛን ወደ ሐኪሙ በር በአገጩ እያመለከተ። «ሳትነግረው እንዳታቆም።»

ጎሚስታው ወረቀቷን መልሶ ሳያነሣ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ወጣት ሴት ቀረች። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ በክንዷ ላይ አድርጋዋለች፤ በሌላው እጇ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የቀጠሮ ካርድ ይዛለች። አጎቷን ስታይ ወለሉን አላጠናችም።

ጋሽ ሚዛን ካርዱን አየ፤ አየት አደረጋት።

«ያች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሽ» አለ፣ «ደህና ናት?»

«ደህና ናት አጎቴ።»

ጋዋኗን አቀበለችው፤ ኪሷን ፈትሻ ሚዛኑ ላይ ወጣች።